ምሰሶው ሲወድቅ፦ የሴሌውቆስ ልጆች ያን ሁሉ አገር እንዴት ያዙት? እንዴትስ አጡት?

አዱሊስ ላይ አንድ ድንጋይ ነበር።

በአፄ ካሌብ ዘመን፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ወደዚህች የአክሱም ወደብ ይመጣል (አዱሊስ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ፣ ቀይ ባሕር ዳር ናት)። ንጉሡ በዚያው ሰሞን ለአዱሊስ ገዢ ትእዛዝ ልኮ ነበር። ከተማው ውስጥ ባለው የእብነ በረድ ዙፋንና ከኋላው ባለው ድንጋይ ላይ የተቀረጸው የግሪክ ጽሑፍ ተገልብጦ እንዲላክለት ፈልጓል። ገዢው ሥራውን ለኮስማስና ለባልንጀራው ሰጣቸው። ኮስማስ ለራሱም አንድ ቅጂ አስቀረ። እግዜር ይስጠው፤ ድንጋዩ ዛሬ የለም፣ የምናውቀው ከእሱ ግልባጭ ብቻ ነው።

ድንጋዩ የሚያወራው ስለ ግብፁ ንጉሥ ስለ ሣልሳዊ በጥሊሞስ ነው። ይህ ንጉሥ ከቀይ ባሕር ዳርቻና ከኢትዮጵያ የታደኑ ዝሆኖችን ለጦርነት አሠልጥኖ፣ ኤፍራጥስን ተሻግሮ፣ ባቢሎንን፣ ፋርስን፣ ሜዶንን፣ እስከ ባክትርያ ድረስ ያለውን አገር ሁሉ አስገብሬአለሁ ይላል። ባክትርያ የዛሬው ሰሜን አፍጋኒስታን አካባቢ ነው። "ኢትዮጵያ" ሲል ደግሞ በግሪኮቹ ልማድ ከግብፅ በታች ያለውን አገር በጅምላ እንጂ የዛሬውን ካርታ ማለቱ አይደለም። ቢሆንም ዝሆኖቹ የኛው አካባቢ ዝሆኖች ናቸው። ያን ሁሉ መንገድ ተወስደው ከማን ጋር ሊዋጉ ነው?

ከሴሌውቆስ ልጆች ጋር። ስማቸውን በታሪክ ክፍል ብዙም ባንሰማው የሠሯቸውን ከተሞች ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን። ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉባት አንጾኪያ የእነሱ ከተማ ናት። ጳውሎስ ወደ ቆጵሮስ የተሳፈረባት ሴሌውቅያ በሴሌውቆስ ስም የተጠራች ናት። በዮሐንስ ራእይ ለብ ያልሽ ነሽ ተብላ የተወቀሰችው ሎዶቅያ በአንዲት ንግሥታቸው ስም የተሰየመች ናት። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 11ን ከፍቶ ያ "የሰሜን ንጉሥ"፣ ያ "የደቡብ ንጉሥ" ማን ይሆን ብሎ ግራ ያልተጋባ አንባቢም ያለ አይመስለኝም። በየዘመኑ ለሰሜኑ ንጉሥ አዲስ አገር ሲፈለግለት እናያለን። የታሪክ ሊቃውንት ግን አብዛኛውን ምዕራፍ የሚያነቡት በሁለት ቤቶች ጠብ ነው፦ ሰሜን የሴሌውቆስ ቤት፣ ደቡብ የግብፁ የበጥሊሞስ ቤት።

እንግዲህ ይህን ቤት ከመሠረቱ ጀምረን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ ወደ ኋላ ነው የሚቆጠሩት። ከዚህ ውጭ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

ሄለናዊ ማለት ምንድን ነው?

ግሪኮች ራሳቸውን "ሄሌኔስ" ብለው ይጠራሉ። ቃሉ የመጣው ከዚያ ነው። ታላቁ እስክንድር በ323 ባቢሎን ውስጥ በ32 ዓመቱ ሞተ። ከግሪክ እስከ ሕንድ ጫፍ የያዘውን አገር የሚረከብ ለአቅመ ንግሥና የደረሰ ልጅ አልነበረውም። የጦር አለቆቹ ተከፋፈሉት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት ግብፅም ሶርያም ኢራንም ላይ የመቄዶንያ ሰዎች ነገሡ፤ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ግሪክኛ ሆነ፤ ቲያትርና የስፖርት ቤት ያላቸው ግሪክ መሰል ከተሞች በቀሉ። ይህን ዘመን ነው ሄለናዊ የምንለው።

ከተከፋፈሉት መሬት ሰፊውን የያዘው ሴሌውቆስ ነው። የሚገርመው እስክንድር ሲሞት ከትልልቆቹ ተራ አልነበረም።

ታዲያ ሴሌውቆስ እንዴት እዚያ ደረሰ?

ሴሌውቆስ ከእስክንድር ጋር ሕንድ ድረስ የዘመተ መኮንን ነው። በ324 እስክንድር ሱሳ ላይ መኮንኖቹን በጅምላ ከፋርስ መሳፍንት ልጆች ጋር ሲያጋባ፣ ለሴሌውቆስ አፓማ የምትባል የሶግድያ ሴት ደረሰችው። አባቷ እስክንድርን ክፉኛ የተዋጋ የመካከለኛው እስያ መኮንን ነበር። እስክንድር ሲሞት ብዙዎቹ መኮንኖች ሚስቶቻቸውን ፈቱ። ሴሌውቆስ አፓማን አልፈታም። ወራሹ የእሷ ልጅ ነው። ስለዚህ ይህ "የግሪክ" ነገሥታት ቤት ከሁለተኛው ትውልድ ጀምሮ ግማሽ የምሥራቅ ሰው ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የባቢሎን አገረ ገዢ ሆኖ ተሾመ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አንቲጎኖስ የሚባል ኃይለኛ ጄኔራል አስጨነቀውና 50 ፈረሰኛ ይዞ ወደ ግብፅ ሸሸ። በ312 ከግብፁ ገዢ ከቀዳማዊ በጥሊሞስ አንድ ሺህ ገደማ ወታደር ተቀብሎ ተመለሰ። እስኪ አስቡት፤ በሺህ ሰው ባቢሎንን! አብረውት የነበሩት ሰዎች ፈርተው ነበር ይባላል። ባቢሎናውያን ግን ደግ ገዢ አድርገው ያስታውሱት ስለነበር ተቀበሉት።

ከዚያ ጀምሮ አንድ አዲስ ነገር ተፈጠረ። በፊት ዓመት የሚቆጠረው በየንጉሡ ነበር፦ "ንጉሥ እገሌ በነገሠ በ5ኛው ዓመት"። ንጉሡ ሲሞት ቁጥሩ ከአንድ ይጀምራል። የሴሌውቆስ ልጅ ሲነግሥ ግን ቁጥሩን አላቋረጠውም። አባቱ ከተመለሰበት ዘመን ጀምሮ ቀጠለው። 40፣ 50፣ 100 እያለ ሄደ። ይህን ቁጥር በልባችሁ ያዙት።

በ303 ገደማ ሴሌውቆስ ከሕንዱ ንጉሥ ከቻንድራጉፕታ ጋር ተዋጋ፤ ከዚያ ታረቁ። የኢንደስ ወንዝ አካባቢን ለቀቀለት፤ በምትኩ 500 ዝሆን ተቀበለ። መሬት ሰጥቶ ዝሆን መቀበል ዛሬ ለሚያነብ ሰው ሞኝነት ሊመስለው ይችላል። ግን በ301 አናቶልያ (የዛሬዋ ቱርክ) ውስጥ ኢፕሶስ ላይ እነዚያ ዝሆኖች የአንቲጎኖስን ልጅ ፈረሰኞች መንገድ ዘጉ። የ80 ዓመቱ ሽማግሌ አንቲጎኖስ እዚያው ሞተ። ሶርያ የሴሌውቆስ ሆነች። በሚቀጥለው ዓመት አንጾኪያን ቆረቆረ። በ281 የመጨረሻውን ባላንጣ ሊሲማኮስን ሲያሸንፍ ከኤጅያን ባሕር እስከ መካከለኛው እስያ አንድ ሰው ነገሠ። ያው ዓመት ሳያልቅ ወደ አውሮፓ ሲሻገር፣ አስጠግቶ ያኖረው የበጥሊሞስ ልጅ ወግቶ ገደለው።

ይህን ሁሉ አገር አንድ ሰው እንዴት ይገዛዋል?

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው። ቀስ ብለን እንየው።

ድንኳን አስቡ። ትልቅ ድንኳን፣ ግን ምሰሶው አንድ ብቻ ነው። ምሰሶውን ያቆማችሁበት ቦታ ድንኳኑ ቀጥ ይላል። ርቆ ያለው ጥግ ግን ይረግባል። ያኛውን ጥግ ለማቃናት ምሰሶውን ስትወስዱት ይኼኛው ይረግባል። ምሰሶው ንጉሡ ነው።

ይህ መንግሥት አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋ ወይም አንድ ሃይማኖት አልነበረውም። ነገሥታቱ አገሩን "በጦር የተገኘ ምድር" ይሉት ነበር። የመንገሥ መብታቸው ማሸነፋቸው ነው። ንጉሥ ማለት ጦር መርቶ የሚያሸንፍ፣ ለወታደሩ መሬት የሚሰጥ፣ ለከተሞች የሚለግስ፣ ለቤተ መቅደስ የሚሠራ ሰው ነው። በዙሪያው "የንጉሥ ወዳጆች" የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ የሚማከሩትም፣ ጦር የሚመሩትም፣ አገረ ገዢ የሚሆኑትም እነሱ ናቸው። ግንኙነቱ ሁሉ ከሰውየው ጋር ነው። ሰውየው ከሞተ ግንኙነቱ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ይህ ደካማ ጎን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብልሃትም ነበረው። ለግሪክ ከተሞች በግሪክኛ፣ ለባቢሎን በባቢሎንኛ ማነጋገር ያስችላል። ቦርሲጳ ከምትባል የባቢሎን አካባቢ ከተማ የተገኘ የሸክላ ጽሑፍ አለ፤ በ268 የተጻፈ ነው። የሴሌውቆስና የአፓማ ልጅ ቀዳማዊ አንጥያኮስ በዚያ ላይ የሚናገረው በጥንቱ የባቢሎን ነገሥታት አነጋገር ነው። የባቢሎን ንጉሥ፣ የቤተ መቅደሶቹ ጠባቂ ነኝ ይላል። ለቤተ መቅደሱ ጡብ በገዛ እጁ እንደሠራም ይተርካል። የመቄዶንያ ጄኔራል ልጅ ነው እንግዲህ!

የአገሩን ስፋት ለመቋቋምም መላ ነበራቸው። ሴሌውቆስ ሳይሞት ከ10 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ልጁን አብሮት አነገሠውና ወደ ምሥራቅ ላከው። አባት በምዕራብ፣ ልጅ በምሥራቅ። ድንኳኑ ሁለት ምሰሶ አገኘ ማለት ነው። የሠራው ግን አባትና ልጅ እስከተማመኑ ድረስ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተሰነጠቀው መቼ ነው?

በ246፣ በቤት ውስጥ ጠብ።

ዳግማዊ አንጥያኮስ ላኦዲቄ የምትባል ሚስት ነበረችው። ሎዶቅያን በስሟ የቆረቆረላት እሱ ነው። ከግብፅ ጋር ሲታረቅ ግን የእርቁ ማሰሪያ ጋብቻ ሆነና የዳግማዊ በጥሊሞስን ልጅ በርኒቄን አገባ። ላኦዲቄ ወደ ጎን ተደረገች። ትልልቅ ልጆቹ ግን የእሷ ናቸው። በርኒቄም ወንድ ልጅ ወለደች። አሁን ሁለት እናት፣ ሁለት ወራሽ አለ። ንጉሡ በ246 ኤፌሶን ላይ፣ ላኦዲቄ ያለችበት ቦታ ሞተ። መርዛዋለች ብለው የጻፉ የጥንት ጸሐፊዎች አሉ። ብዙም ሳይቆይ በርኒቄና ሕፃኑ አንጾኪያ ውስጥ ተገደሉ።

ዳንኤል 11፥6 ላይ ያለችው ለስምምነት ወደ ሰሜን ንጉሥ የምትመጣ የደቡብ ንጉሥ ልጅ ይህች በርኒቄ ናት ተብላ ነው የምትነበበው። የአዱሊሱ ድንጋይ ባለቤት ሣልሳዊ በጥሊሞስ ደግሞ ወንድሟ ነው። ሊያድናት ዘምቶ ነበር፣ አልደረሰላትም። የኛዎቹ ዝሆኖች የተሰለፉበት ጦርነት ይኼ ነው። በእርግጥ እስከ ባክትርያ ያለው የንጉሥ ጉራ ነው፤ መስጴጦምያ ድረስ ገብቶ፣ ግብፅ ውስጥ ችግር ሲነሳበት ተመልሷል።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ላኦዲቄ ሁለት ወንድ ልጆች ነበሯት። ታላቁ ዳግማዊ ሴሌውቆስ ነገሠ። ታናሹ አንጥያኮስ ሄራክስ አናቶልያን ይዞ በወንድሙ ላይ ተነሳ፤ የዛሬዋ አንካራ አጠገብም አሸነፈው። ወንድማማቾቹ በምዕራብ ሲጋደሉ ምሥራቁን የሚጠብቅ ጠፋ። የባክትርያው ገዢ ራሱን ንጉሥ አደረገ። ከሰሜን የመጡ ዘላኖች የጳርቴን አገር ያዙ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ስማቸው የተጠራው ጳርቴዎች ከዚህ ነው የተነሱት። ያኔ ማንም ከቁም ነገር የቆጠራቸው አይመስልም።

ታላቁ አንጥያኮስስ? "ታላቅ" የተባለው በከንቱ ነው?

በከንቱ አይደለም። ሣልሳዊ አንጥያኮስ በ223 ገና 20 ዓመት ገደማ ሳለ ነገሠ። አገሩ እየተበተነ ነበር። ሜዶን ላይ ያመፀውን ገዢ ደመሰሰ። ከዚያ ከ212 እስከ 205 ድረስ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። አርመንን፣ ጳርቴን፣ ባክትርያን አስገበረ፤ የሕንድ ጫፍ ደርሶ ዝሆን ይዞ ተመለሰ። በ200 ፓንዮን ላይ ግብፆችን አሸንፎ ይሁዳንና ደቡብ ሶርያን ወሰደ። ምሰሶው እየተንቀሳቀሰ ድንኳኑን ዙሪያውን አቃናው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ሁለት ጦርነቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ።

በ217 ራፊያ ላይ፣ የዛሬዋ ራፋህ አጠገብ፣ ከግብፅ ጋር ተዋጋ። እሱ 102 የሕንድ ዝሆን አለው። ግብፆች 73 የአፍሪካ ዝሆን አላቸው። የአፍሪካዎቹ የሕንዶቹን ሽታና ጩኸት ፈርተው ሸሹ ይላል ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ። አንጥያኮስ በቀኝ ክንፍ ሆኖ ከፊቱ ያለውን ጦር ሰበረ። ሰበረና እያሳደደ ሄደ፣ ሄደ። ዞር ሲል መሐሉ ተሸንፏል። ጦርነቱ አልቋል።

በ190 መጨረሻ ገደማ ማግኔዝያ ላይ፣ በዛሬዋ ምዕራብ ቱርክ፣ ከሮም ጋር ተዋጋ። በቀኝ ክንፍ ሆኖ የሮምን ግራ ሰበረ። እያሳደደ እስከ ሰፈራቸው ድረስ ሄደ። ሲመለስ መሐሉና ግራው አልቋል።

በ27 ዓመት ልዩነት ያው ስህተት! ሞኝ ስለነበረ ነው? እኔ አይመስለኝም። የንግሥናው መብት ከፊት ሆኖ ማሸነፍ ከሆነ፣ ንጉሡ ኮረብታ ላይ ቆሞ ጦሩን ሲያይ መዋል አይችልም። ወታደሩ ሲያሸንፍ ሊያየው ይገባል። ንጉሥ ያደረገው ነገር ራሱ ነው ለሽንፈት የዳረገው። የሮማው ጄኔራል ግን ተሸነፈም አሸነፈም፣ ሮም ሌላ ጄኔራል አላት።

ከሮም ጋር የተደረገው ስምምነት ምን ይል ነበር?

በ188 አፓሜያ ላይ ነው የተፈረመው። አናቶልያን እስከ ታውሮስ ተራሮች ልቀቅ። ዝሆኖችህን አስረክብ። ከ10 በላይ የጦር መርከብ አይኑርህ። በጠቅላላ 15,000 መክሊት ብር ክፈል፤ ከዚህ 3,000ው ቶሎ፣ 12,000ው በ12 ዓመት። በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው መክሊት ሳንቲም አልነበረም፤ ክብደት ነው፣ ወደ 26 ኪሎ ብር። 15,000 መክሊት ወደ 390 ቶን ብር ይሆናል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ታሪኩን ይዘጋል። ማግኔዝያ ላይ ወደቁ፣ አለቀ ይላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቱም ከስምምነቱ በኋላም ሶርያ፣ መስጴጦምያና ምዕራብ ኢራን በእጃቸው ነበሩ። ብሩንም ዘግይተውም ቢሆን ከፈሉት። በእርግጥ ብሩ ጎድቷቸዋል። ታላቁ አንጥያኮስ ራሱ በ187 በኤላም ምድር የቤተ መቅደስ ሀብት ሊወስድ ሲሞክር በአካባቢው ሰዎች ተገደለ። ቢሆንም ቤቱን ያፈረሰው ከውሉ ውስጥ ትንሽ የምትመስል አንዲት አንቀጽ ናት፦ 20 መያዣ ወደ ሮም ላክ። ከመያዣዎቹ አንዱ የንጉሡ ታናሽ ልጅ ነበር።

መያዣ ማለት ምንድን ነው? ለምንስ ይህን ያህል ጎዳ?

መያዣ በጦርነት የተማረከ ሰው አይደለም። ውሉ እንዳይፈርስ በእጅ የሚቆይ የትልቅ ሰው ልጅ ነው። በክብር ይኖራል፤ ግን መሄድ አይችልም።

ንጉሡ ሲሞት ትልቁ ልጅ ራብዓዊ ሴሌውቆስ ነገሠ። ከጊዜ በኋላ ወንድሙ ከሮም ተለቀቀና በምትኩ የራብዓዊ ሴሌውቆስ ልጅ ድሜጥሮስ ገና ሕፃን ሳለ ተላከ። በ175 ራብዓዊ ሴሌውቆስን ሄልዮዶሮስ የሚባል ሹሙ ገደለው። ዙፋኑ በደንቡ የማን ነው? የድሜጥሮስ። ድሜጥሮስ ግን ሮም ነው። አጎቱ አቴና ነበር፤ ቅርብ ስለሆነ ቀድሞ ደረሰና ራብዓዊ አንጥያኮስ ተብሎ ነገሠ።

እዚህ ላይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፦ የሴሌውቆስ ዘር፣ የአንጥያኮስ ዘር። ከዚህ በኋላ ያለውን የተወሳሰበ ታሪክ ይህን ከያዛችሁ ትከተሉታላችሁ። ለቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ጦርነቱ በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ዘሮች፣ ወይም የእነሱ ነን በሚሉ ሰዎች መካከል ነው። ሮምም ጦር ሳትልክ አገሩን የምታናጋበት መንገድ አገኘች። ትርፍ ወራሽ በእጇ ነው።

ራብዓዊ አንጥያኮስ ብርቱ ንጉሥ ነበር። ግብፅን ወርሮ በ168 እስክንድርያ በር ደረሰ። እዚያ የሮሙ መልእክተኛ ፖፒልዮስ ጠበቀው። አንጥያኮስ ሮም እያለ ያውቀው ነበርና እጁን ለሰላምታ ዘረጋለት። ፖፒልዮስ እጁን አልጨበጠም። ከግብፅ ውጣ የሚለውን ደብዳቤ ሰጠው። ንጉሡ ከወዳጆቼ ጋር ልማከር አለ። ፖፒልዮስ በያዘው በትር ንጉሡ በቆመበት ዙሪያ አሸዋው ላይ ክብ አሰመረና፣ ከዚህ ክብ ሳትወጣ መልስልኝ አለው። ዙሪያውን ጦሩ ቆሞ እያየ ነው። አንጥያኮስ እሺ አለ። ማሸነፍ መብቱ ለሆነ ንጉሥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ያየነው ይነግረናል።

ከይሁዳ ጋር ያለው ታሪክስ?

አይሁድን በሚመለከት ከዚህ ቀደም የነበረው ግንኙነት ክፉ አልነበረም። አባቱ ኢየሩሳሌምን ሲይዝ በአባቶቻቸው ሕግ እንዲኖሩ ፈቅዶ ነበር። ራብዓዊ አንጥያኮስ ግን የሊቀ ካህንነቱን ሹመት የበለጠ ግብር ለሚከፍል ሰጠ። መጀመሪያ ለያሶን፣ ከዚያ የበለጠ ላለው ለሜኔላዎስ። በሹመቱ የተነሳ ኢየሩሳሌም ውስጥ ጠብ ሆነ። ንጉሡ እንደ አመፅ ቆጠረው፤ በ167 ግዝረትንና ሰንበትን ከለከለ፣ በቤተ መቅደሱም የጣዖት መሠዊያ አቆመ። የመቃብያን ወንድሞች ተነሱ። በ164 መጨረሻ ይሁዳ መቃቢ ቤተ መቅደሱን መልሶ ቀደሰው። ሐኑካ የሚባለው የአይሁድ በዓል የዚያ ቀን መታሰቢያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ላጥራ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያለው መጽሐፈ መቃብያን ከግሪኩ ጋር በስም ይገናኛል እንጂ ታሪኩ ሌላ ነው። የኛው ላይ ያለው ክፉ ንጉሥ ጺሩጻይዳን ነው። የአንጥያኮስን ታሪክ በእሱ ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ቤተ እስራኤልም እስራኤል ከመግባታቸው በፊት ሐኑካን አያከብሩም ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?

በፍጥነት ፈረሰ። በ164 መጨረሻ ራብዓዊ አንጥያኮስ ፋርስ ዘመቻ ላይ ሞተ። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነው። ሮም ውስጥ ያደገው ድሜጥሮስ ልቀቁኝ፣ ዙፋኑ የኔ ነው ቢልም ሮም አልለቀው አለች፤ ሕፃን ንጉሥ ይሻላታል። ያን ጊዜ የሮም መልእክተኞች ሶርያ ሄደው መርከቦቹን አቃጠሉ፣ የዝሆኖቹን እግር ጅማት በጠሱ። ውሉ ይከለክላል ብለው ነው። በ162 ድሜጥሮስ ከሮም አምልጦ፣ ሕፃኑን ንጉሥ አስገድሎ ነገሠ። እንዲያመልጥ የረዳው ከላይ የጠቀስኩት ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ ራሱ ነው፤ እሱም ሮም ውስጥ በግዞት ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ እስክንድር ባላስ የሚባል ሰው የራብዓዊ አንጥያኮስ ልጅ ነኝ ብሎ መጣ። ብዙዎች አስመሳይ ነው ይሉት ነበር። ሮምም፣ ግብፅም፣ ጴርጋሞንም ግን ደገፉት። የሚሆነውን ተመልከቱ። ሁለት ንጉሥ አለ። ሁለቱም ወታደር ይፈልጋሉ። በይሁዳ ተራራ ላይ የይሁዳ መቃቢ ወንድም ዮናታን ጥቂት ሺህ ተዋጊ አለው። ድሜጥሮስ ጦር እንዲያደራጅ ፈቀደለት። ባላስ ደግሞ ሐምራዊ ልብስና የወርቅ አክሊል ልኮ ሊቀ ካህናት አደረገው። ድሜጥሮስ ጨምሮ ግብር ልሰርዝልህ አለ። ዮናታን ባላስን መረጠ። ትናንት ሽፍታ የተባለ ሰው ዛሬ ሁለት ንጉሥ ይለማመጠዋል! እያንዳንዱ ተፎካካሪ ዙፋኑን ለማግኘት ከአገሩ ቁራሽ ይሰጣል። ያሸነፈው ሲነግሥ የሚገዛው አገር ይቀንሳል። በዚህ ዓይነት በ20 ዓመት ውስጥ ይሁዳ ግብር መክፈል አቆመች።

በምሥራቅ ጳርቴዎች ጊዜያቸውን ጠብቀው ነበር። ሜዶንን ወሰዱ። በ141 ባቢሎንን ያዙ። ሴሌውቆስ በሺህ ሰው የገባባት፣ እህሉም ብሩም የሚመጣባት አገር ሄደች።

አንድ ተስፋ ነበር፤ 7ኛው አንጥያኮስ። ጎበዝ ነበር። በ130 ዘምቶ ባቢሎንንና ሜዶንን መለሰ። ክረምቱ ሲመጣ ግን ወታደሩን በየከተማው በትኖ አሳደረ። ወታደሩ የሕዝቡን ቀለብ በላ፣ ሕዝቡን አስመረረ። ከተሞቹ ከጳርቴዎች ጋር ተማክረው በአንድ ቀን ተነሱበት። በ129 እዚያው ሞተ። ቀዳማዊ አንጥያኮስ ለቦርሲጳ ቤተ መቅደስ ጡብ ሲሠራ የነበረበትን ዘመን ሳስብ ይህ ያሳዝነኛል። ያኔ ያነገሣቸው የአገሩ ሰው ነው። አሁንም የጣላቸው እሱው ነው።

የቀረው የቤተሰብ ሐዘን ነው። የግብፅ ንጉሥ ልጅ ክሊዮፓትራ ቴያ በየተራ የሦስት ነገሥታት ሚስት ሆነች፦ የባላስ፣ የዳግማዊ ድሜጥሮስ (ከሮም ያመለጠው የድሜጥሮስ ልጅ ነው)፣ የ7ኛው አንጥያኮስ። አንድ ልጇን ራሷ አስገደለች። ሌላኛውን ልትመርዝ ስትል ጽዋውን እሷው እንድትጠጣ አስገደዳት ይባላል፤ በ121። ከዚያ ልጆቿ እርስ በርሳቸው፣ ከዚያም የልጅ ልጆቿ። የበርኒቄና የላኦዲቄ ጠብ በየትውልዱ ሲደገም ኖረ። አንድ ጊዜም ቢሆን ማን ይወርሳል ለሚለው ጥያቄ ሁሉም የሚቀበለው መልስ አልተገኘም።

መጨረሻውስ?

በ83 ትግራኔስ የሚባል የአርመን ንጉሥ ሶርያን ያዘ። ሮም ትግራኔስን ስታባርረው 13ኛው አንጥያኮስ አንጾኪያ ላይ ለአጭር ጊዜ ነገሠ። በ64 የሮሙ ጄኔራል ፖምፔ ሲመጣ ዙፋኑን እንዲያጸናለት ጠየቀው። ፖምፔ አልፈቀደም። ለትግራኔስ የለቀቀውን፣ መጠበቅም የማይችለውን አገር አልሰጠውም አለ ይባላል። ሶርያ የሮም ክፍለ አገር ሆነች። ጦርነት እንኳ አላስፈለገም።

ያ የዓመት ቁጥር ግን ቀጠለ። ሴሌውቆስ ወደ ባቢሎን ከተመለሰበት የሚጀምረው። የሶርያ ክርስቲያኖች "የግሪኮች ዓመት" እያሉ ከክርስቶስ ልደት በኋላም ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የብራና መጽሐፎቻቸውን ዘመን በእሱ ይቆጥሩ ነበር። የየመን አይሁዶች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የጋብቻ ውላቸውን ሲጽፉ በዚያው ቁጥር ነበር።